የተውሶ ሞተር አጭር ታሪክ

በዓለም የመጀመሪያውን የቤንዚን ሞተር ሳይክል መንገድ ላይ ይዞ የወጣው ሰው ባለቤቱ አልነበረም። የባለቤቱ ልጅ ነበር።

ጎትሊብ ዳይምለርና የሥራ ባልደረባው ቪልሄልም ማይባህ ጀርመን ውስጥ ካንሽታት በምትባል ከተማ፣ ከእንጨት በተሠራ አካል ላይ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ገጠሙ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1885 ኮርቻው ላይ የወጣው ግን ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረው የዳይምለር ልጅ ፓውል ነው። ከካንሽታት ተነስቶ ኡንተርቱርክሃይም እስከምትባለው ጎረቤት መንደር ነዳው። የሞተሩ ጉልበት ግማሽ የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። ፍጥነቱም በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የኛ አገር ደህና ሯጭ ዞር ብሎ ሳያየው ጥሎት ይሄዳል። እንዲያም ሆኖ በዚያች ጉዞ ላይ ኮርቻው በእሳት ተያያዘ። ነዳጁን የሚያቀጣጥለው የጋለ ቱቦ የተገጠመው ልክ ከነጂው መቀመጫ ሥር ነበራ!

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ሳነብ ሳቅሁ። ትንሽ ቆይቼ ግን አንድ ነገር ታሰበኝ። ሞተር ሳይክልና “እስቲ እኔ ልሞክረው” የሚለው ነገር እኩያሞች ናቸው። አብረው ተወለዱ፤ እነሆ 140 ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል፣ እስካሁን አልተለያዩም።

ሞተር ያላችሁ ሰዎች “አንድ ዙር ብቻ” የሚለውን ልመና ታውቁታላችሁ። ሠርግ ላይ ይመጣል፤ ሰፈር ጥግ ቡና ስትጠጡ ይመጣል። ጠያቂው ደግሞ ሁሌም የማይከለከል ሰው ነው፤ የአክስት ልጅ፣ አብሮ አደግ፣ የሥራ ጓደኛ። እምቢ ያለው ሰው ቁልፍ ሳይሆን ወዳጅነት የነፈገ ይመስልበታል። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ቁልፉን ይሰጣል። ሞተሩ ጉልበተኛ በሆነ ቁጥር ለማኙም ይበዛል። ለመሆኑ ታሪክ ስለዚህ ጉዳይ ምን ይላል? እስቲ አብረን እንየው።

ከሞተር በፊት ከብት ነበር

ጥያቄው ራሱ ከሞተር በጣም ይቀድማል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 ላይ ስለ ተውሶ ከብት የተጻፈ ሕግ አለ። አንድ ሰው ከጎረቤቱ ከብት ተውሶ፣ ባለቤቱ በሌለበት ከብቱ ቢሰበር ወይም ቢሞት የተዋሰው ሰው ይክፈል ይላል። ባለቤቱ አብሮ ከነበረ ግን አይከፍልም። ከዚያ በፊት ባለው ምዕራፍ ደግሞ የተዋጊ በሬ ሕግ አለ። በሬው ተዋጊ መሆኑ ተነግሮት ሳይጠብቀው የቀረ ባለቤት፣ በሬው ሰው ከገደለ ዕዳው በራሱ ላይ ይመጣል። እነዚህ ሁለት ሕጎች ሁለት ጥያቄ ይጠይቃሉ። ባለቤቱ እዚያው ነበር ወይ? የከብቱንስ ጠባይ ያውቅ ነበር ወይ? ሁለቱን ጥያቄዎች ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ያስፈልጉናል።

በእኛ አገር ደግሞ የጦር ፈረስ የጌታው መጠሪያ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ የነበረው በፈረሶቻቸው ስም ነው። ሰውየውና ፈረሱ በአንድ ስም በሚጠሩበት አገር እንዲህ ያለውን ፈረስ ለሌላ ሰው መስጠት ስምን አሳልፎ እንደ መስጠት ነው።

ፈረስ ግን ከሞተር የሚሻልበት አንድ ነገር አለው። ነፍስ አለው። የማያውቀው ሰው ሲወጣበት ያንገራግራል፣ ጆሮውን ይጥላል፣ ገደል ሲያይ ይቆማል። ሞተር ጌታውንና እንግዳውን አይለይም። የታዘዘውን ያደርጋል፤ ትእዛዙ ስህተት ቢሆንም።

“ኃይለኛዋ”

በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣውን የቼ ጌቫራን የወጣትነት ጉዞ የሚያሳየውን ፊልም ያየ ሰው ሞተሯን አይረሳትም። የ1939 ሥሪት ኖርተን 500 ነበረች። ስሟ “ላ ፖዴሮሳ” ነው፤ “ኃይለኛዋ” እንደ ማለት። ብዙ ሰው የቼ ሞተር ይላታል። እውነቱ ግን የጓደኛው የአልቤርቶ ግራናዶ ነበረች። ሁለቱ ከአርጀንቲና የተነሱት በ1951 መጨረሻና በ1952 መጀመሪያ ነው። ግራናዶ 29 ዓመቱ፣ ኤርኔስቶ ጌቫራ ደግሞ 23 ዓመቱ ሲሆን ገና የሕክምና ተማሪ ነበር። መሪውን ይፈራረቁበታል።

ቼ በማስታወሻው ላይ የተረከው አንድ አደጋ አለ። ደቡብ ቺሊ ውስጥ ቁልቁለት ሲወርዱ የሚነዳው እሱ ነው። ከፊት ለፊታቸው የከብት መንጋ መጣ። ፍሬን ሲይዝ፣ እንደ ነገሩ ተበይዶ የነበረው ፍሬን ተበጠሰ። ከብቶቹ በግራና በቀኝ አለፏቸው፤ የመጨረሻዋን ላም እግሯን ብቻ ነክተው ተረፉ። ቁልቁለቱ ግን አላለቀም፤ ታች ደግሞ ወንዝ አለ። ቼ መሪውን ወደ መንገዱ ዳር አጠፈው። ሞተሯ ሁለት ሜትር የሚሆን አፋፍ ዘላ ወጥታ በሁለት ድንጋይ መካከል ተሰነቀረች። ሁለቱም ምንም አልሆኑም። ኃይለኛዋ ግን ብዙ አልቆየችም፤ ቺሊ ውስጥ ጥለዋት ጉዟቸውን በእግርና በሰው መኪና ቀጠሉ።

በኦሪቱ ሕግ ብንዳኘው ቼ ዕዳ የለበትም፤ ባለቤቱ ከኋላው ተቀምጦ ነበርና። ግራናዶም ዕድሜ ጠግቦ በ2011 በ88 ዓመቱ ሃቫና ላይ አረፈ። ከታሪኩ የምንወስደው ነገር ግን አለ። ያረጀ ሞተር ሁሉ ሕመም አለው። አንዱ ፍሬኑ ሁለቴ ካልተረገጠ አይዝም፤ ሌላው ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፤ የሌላው ጎማ ጠጠር ላይ ይስታል። ጌታው ከሕመሙ ጋር መኖር ስለለመደ ለሰው መንገር እንኳን ትዝ አይለውም። እጁ ያውቀዋል፤ አፉ አይናገረውም። ቁልፉ ሲሰጥ ያ የእጅ ዕውቀት አብሮ አይሄድም።

ፍሬኑ በየትኛው እግር ነው?

ዛሬ ሞተር የሚነዳ ሰው ማርሹ በግራ እግር፣ የኋላ ፍሬኑ በቀኝ እግር መሆኑን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይቆጥረዋል። ተፈጥሮ ግን አይደለም፤ ደንብ ነው። የእንግሊዝ ሞተሮች ለብዙ አሥርት ዓመታት የሚሠሩት በተቃራኒው ነበር፤ ማርሽ በቀኝ፣ ፍሬን በግራ። ጃፓኖች ደግሞ ማርሹን በግራ አደረጉት። የአሜሪካው ኢንዲያን ብዙ ጊዜ ጋዙን በግራ እጅ ሲያደርግ ተፎካካሪው ሃርሊ ዴቪድሰን በቀኝ አደረገ።

እንግዲህ በ1970 አካባቢ አንድ ጃፓን ሠራሽ ሞተር የለመደ ልጅ የጓደኛውን የእንግሊዝ ትራያምፍ ተዋሰ እንበል። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ሁሉ ሰላም ነው። ድንገት ሕፃን መንገድ ሲሻገር ያያል። በዚያች ሰከንድ የሚሠራው አእምሮው ሳይሆን ልማዱ ነው። በቀኝ እግሩ ፍሬን የረገጠ መስሎት ማርሽ ይለውጣል። ጎበዝ ነጂ ቢሆንም ልማዱ ለሌላ ሞተር የተገራ ነው።

የአሜሪካ መንግሥት ይህን ዓይነት መደናገር ለማስቀረት ከሴፕቴምበር 1974 ጀምሮ ማርሽ በግራ፣ የእግር ፍሬን በቀኝ እንዲሆን አስገደደ። የእንግሊዝ ፋብሪካዎችም ገበያቸው እዚያ ስለነበር ተከተሉ። ስለዚህ ዛሬ ማንኛውም ሞተር ላይ ስትወጡ እግራችሁ ፍሬኑን የሚያገኘው፣ ሰዎች በማያውቁት ሞተር እንደሚጎዱ ቀድሞ የገባው ሰው ስለነበረ ነው።

ሦስት ዓመት የነዳ ሰውም ጀማሪ ነው

ደንቡ ወጣ፤ ችግሩ ግን አላለቀም። በ1981 ሃሪ ኸርት የተባለ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ትልቅ ጥናት አወጣ። በሎስ አንጀለስ አካባቢ ወደ 900 የሚሆኑ የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ ሄደው መርምረዋል፤ በሺህ የሚቆጠሩ የፖሊስ መዝገቦችንም አይተዋል። ካገኙት ሁሉ እኔን የያዘኝ አንድ ነገር ነው። አደጋ የደረሰባቸው ነጂዎች መንገድ ላይ የነዱበት ጊዜ ወደ 3 ዓመት ይጠጋል። ነገር ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አደጋ የደረሰባቸውን ሞተር ከያዙ 5 ወር አልሞላቸውም።

ልብ በሉ። ችግሩ ሞተር አለመቻል ብቻ አይደለም። ያንን ሞተር አለማወቅ ነው። “እሱ እኮ ለዓመታት ነድቷል” የሚለው ማስተማመኛ ግማሽ መልስ ነው። ሞተር ማዋስ ይቻላል፤ ልምድ ማዋስ ግን አይቻልም። ተዋሹ የራሱ ልምድ ቢኖረው እንኳን ያ ልምድ የሌላ ሞተር ልምድ ነው።

ጉልበት ሲጨመርበት ነገሩ ይከፋል። በ1969 ካዋሳኪ ኤች 1 የተባለ ባለ 500 ሲሲ ሞተር አወጣ። 60 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ለዚያን ጊዜ ለዚያ ክብደት ብዙ ነው። ጠባዩ ደግሞ አድፋጭ ነው። በዝግታ ሲሄዱበት ዝም ይላል፣ ጋዝ ሲጨመርለት ጉልበቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ሰዎች ሚስትን ባል አልባ የሚያደርግ እያሉ ቅጽል ስም አወጡለት። በ1998 ያማሃ አር 1 ሲመጣ 150 የፈረስ ጉልበት ይዞ ነው። ይህ የፓውል ዳይምለርን መቀመጫ ካቃጠለችው 300 እጥፍ ማለት ነው።

በእንዲህ ያለ ሞተር ላይ እንግዳ ሰው የሚወድቅበት አንድ የታወቀ መንገድ አለ። ጋዙን ከለመደው በላይ ትንሽ ያዞረዋል። ሞተሩ ይፈናጠራል። ሰውነቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ላለመውደቅ መሪውን ይጎትታል። መሪውን ሲጎትት የያዘው ጋዝ ደግሞ አብሮ ይዞራል። ሞተሩ የባሰ ይፈናጠራል። እጁን ቢለቅ ይቆም ነበር፤ ነገር ግን ሊወድቅ የተቃረበ ሰው እጁን አይለቅም። ይህ ሁሉ የሚሆነው ጎረቤት “ምን ተንኳኳ?” ብሎ በር እስኪከፍት ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

ትልቁ አዋሽ

በታሪክ ብዙ ሞተር ለብዙ ሰው ያዋሰው ማን ይመስላችኋል? የጦር ሠራዊት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዙ ቢኤስኤ ኩባንያ ኤም 20 የተባለውን ሞተር ብቻ ከ120 ሺህ በላይ ሠርቷል። መንግሥት እነዚህን ሞተሮች መልእክት እንዲያደርሱ ለወጣቶች አደላቸው። ብዙ ጊዜ የሚነዱት በጨለማ ነው፤ የጠላት አውሮፕላን እንዳያይ የመብራት አጠቃቀም ይገደባል። ጦርነቱ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ 21 ወራት ብቻ በእንግሊዝ መንገዶች ላይ ወታደርም ሲቪልም ተደምሮ 2,279 የሞተር ነጂዎችና ከኋላ የተፈናጠጡ ሰዎች ሞቱ።

ይህን ቁጥር ያወጣው ሐኪም ሂው ኬርንስ ይባላል፤ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነው። ጉዳዩ ያንገበገበው ቀደም ብሎ ነው። በሜይ 1935 “የዓረቢያው ሎሬንስ” ተብሎ የሚታወቀው ቲ. ኢ. ሎሬንስ ብራፍ ሱፒሪየር በተባለ ጉልበተኛ ሞተሩ ሲሄድ በብስክሌት የሚሄዱ ሁለት ልጆችን ለማዳን ሲል ወደቀ። ከስድስት ቀን በኋላ በ46 ዓመቱ ሞተ። ሎሬንስ እንግዳ ነጂ አልነበረም። በዕድሜው ሰባት ብራፍ ሱፒሪየር ይዟል። ሞተሩንም መንገዱንም ያውቃል። ራሱ ላይ ግን ያደረገው ነገር አልነበረም። ኬርንስ ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ነበርና ያንን ሞት አልረሳውም። በ1941 ስለ ሄልሜት ጥቅም ጥናቱን አሳተመ፤ በዚያው ዓመት ሠራዊቱ ለሞተረኞቹ ሄልሜት ግዴታ አደረገ። ለሲቪሉ የእንግሊዝ ነጂ ግዴታ የሆነው ግን በ1973 ነው።

ሞተሩን ጠንቅቆ የሚያውቀው ባለቤት እንዲህ ከሆነ፣ ለማያውቀው ሰው ቁልፉን ሰጥቶ ሄልሜቱን ቤት መተው ምን ይባላል?

የተሳካው ተውሶ

ጨለማውን ብቻ እንዳላወራ፣ በሞተር ታሪክ ከታወቁት ፎቶዎች አንዱ የተውሶ ሞተር ፎቶ ነው። ሴፕቴምበር 13 ቀን 1948፣ ዩታ ውስጥ ባለው የቦኔቪል የጨው ሜዳ ላይ አንድ ሰው በዋና ቁምጣ ሞተር ላይ በሆዱ ተኝቶ ይበራል። ሰውየው ሮሊ ፍሪ ይባላል። ሞተሩ እንግሊዝ ሠራሽ ቪንሰንት ሲሆን ባለቤቱ ጆን ኤድጋር የተባለ የካሊፎርኒያ ሰው ነበር። ፍሪ የቆዳ ልብሱ በነፋሱ ብዛት ስለተቀደደ አውልቆ ጣለው። የለበሰው የዋና ቁምጣና የሻወር ቆብ ብቻ ነው፤ ጫማው እንኳን የተውሶ ነበር። በሰዓት 150.313 ማይል፣ ማለትም 242 ኪሎ ሜትር ገደማ በረረ። የአሜሪካን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ሞተሩንም ለባለቤቱ በሰላም መለሰ።

ይህን ፎቶ አይቶ “ይኸው፣ ማዋስ ምን ችግር አለው?” የሚል አይጠፋም። እስቲ ሁኔታውን እንቁጠር። ፍሪ በእሽቅድምድም ያረጀ የ47 ዓመት ሰው ነው። ሞተሩ ፋብሪካው ራሱ ለዚያ ቀን ያዘጋጀው ነው። ሜዳው ላይ መኪና የለም፣ እግረኛ የለም፣ ፍየል የለም። ከኋላው የተፈናጠጠ ሰው የለም። ባለቤቱ ምን እንደሚደረግ አውቆ ፈቅዷል። በሰፈር መንገድ ከሚደረገው “አንድ ዙር” ጋር የሚያመሳስለው የልብሱ ነገር ብቻ ነው፤ የኛም ልጆች ብዙ ጊዜ በቁምጣና በነጠላ ጫማ ነውና የሚወጡት።

ሕጉ የሚጠራው ማንን ነው?

በ1816 የእንግሊዝ ፍርድ ቤት አንድ ክርክር ዳኘ። ሰውየው የጎረሰ ጠመንጃ ነበረው። አምጪልኝ ብሎ የላካት ገና ልጅ የሆነች ሠራተኛውን ነው። ልጅቷ በጨዋታ ወደ አንድ ሕፃን አነጣጥራ ሳበችውና ሕፃኑ ክፉኛ ተጎዳ። ቃታውን የሳበችው እሷ ብትሆንም ፍርድ ቤቱ ተጠያቂ ያደረገው አደገኛውን ነገር በማይችል ሰው እጅ ያገባውን ባለቤት ነው። ዛሬ በብዙ አገር ያለው፣ መኪናውንና ሞተሩን ለማይችል ሰው የሰጠ ባለቤት ይጠየቃል የሚለው ሕግ የዚህ አስተሳሰብ ዘመድ ነው።

የኛ ሕግ ደግሞ ከዚህም ይጠብቃል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2081 እንደሚለው፣ የባለ ሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ አደጋውን ያደረሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳን። ከዚህ ለመዳን ባለቤቱ በዚያን ጊዜ ተሽከርካሪው ተሰርቆበት እንደነበረ ማስረዳት አለበት። በፈቃዱ ቁልፍ የሰጠ ሰው ደግሞ ተሰረቅሁ ማለት አይችልም። ሕግ አርቃቂዎቹ ይህን ያስቀመጡት ከእንስሳት ባለቤት ኃላፊነት ጥቂት ቁጥሮች ወረድ ብለው ነው። ከኦሪቱ በሬ እስከ ዛሬው ሞተር ሐሳቡ አልተለወጠም። ድሮ የፈረሱ ስም የጌታው ስም ነበር፤ ዛሬ የጌታው ስም ሊብሬው ላይ አለ። አደጋ ሲደርስ ፖሊስ የሚያነበው ታርጋውን ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሁለቱን የኦሪት ጥያቄዎች ወደዚህ አምጧቸው። የሞተራችሁን ጠባይ ታውቃላችሁ፤ እንግዲያው አንድም ሳታስቀሩ ንገሩት፤ ፍሬኑን፣ ጋዙን፣ ጎማውን። ነግራችሁት ካልተረዳችሁ ቁልፉ ኪሳችሁ ይቆይ። መንጃ ፈቃዱን ለማየት አትፈሩ፤ የኢንሹራንስ ውላችሁም ስለሌላ ነጂ የሚለውን አንብቡ። ሄልሜት የሌለበት ተውሶ አይኑር። ሰው አፈናጦ የሚሄድ ከሆነማ ጨርሶ አይሆንም፤ ለአንድ ሰው የተሰጠ ፈቃድ ለሁለት ነፍስ አይበቃም። ሜዳውንም ምረጡ፤ ገበያ ቀን አስፋልት ላይ ሞተር አይሞከርም።

ከሁሉ የሚቀለው ግን አብሮ መገኘት ነው። “አንድ ዙር” ሲባሉ “ና፣ ከኋላ ተቀመጥና እኔ ላዙርህ” ማለት ይቻላል። የአክስት ልጅ ለጊዜው ሊያኮርፍ ይችላል። እሱን ደግሞ ቡና ጋብዛችሁ ታስታርቁታላችሁ። እናቱ ደጃፍ ላይ ቆማችሁ ልጃቸው የት እንደወደቀ ከመንገር የአንድ ሳምንት ኩርፊያ ይሻላል።